ስም የለሽ ጥቅል

ቺምቦቴ ወደብ ላይ፣ ጭጋጉ ሳይነሳ፣
ከአየሩ ግማሹ የተቀቀለ ዓሣ፣
ግማሹ ናፍጣ ነው። ጀልባዋ "ማሪያ ኢኔስ"
ሆዷን ከፍታ ቆማ፣ የባሕር ሙላት ሳይደርስ
ትጠገን ተብላለች። የጨው ውሃ ቧንቧዋ
ስቴንለስ ነው፤ ጎኗ ተራ ብረት፤ ጣጣዋ
እዚያ ላይ ነው እንግዲህ፦ ሁለቱ ሲጋጠሙ
በማን አንደበት ነው የሚስማሙ?

ካፒቴኑ ቸኩሏል። መደርደሪያው ላይ
ሦስት ጥቅል ሽቦ። አንደኛውን ሲያይ፣
ያን መዳብ የተቀባ፣ ቀይ ቀይ የሚለውን፣
"ይኸው ርካሹ፣ አንቺ! ምን ያደርጋል ሌላውን?"
አልመለስኩለትም። ሁለት ቁራጭ ብረት፣
አንዱ የሚያበራ፣ አንዱ ዝገት ያለበት፣
በዚያው በየድኩና፣ እስኪበርድ ጠብቄ፣
በመዶሻ ነረትኩት በሞርሳ አጣብቄ።
ቀጭ አለ ከወገቡ፣ እንደ ደረቅ ብስኩት፤
ግማሹን ከመሬት አንስቼ ሰጠሁት።

ተራው ብረት ሲቀልጥ ዳር ላይ አይቆምም፤
ከስፌቱ ገብቶ ይጠጣል፤ አይጠግብም።
ከኒኬሉ ይቀዳል፣ ከክሮሚየሙ ይዘግናል፤
ሽቦው ደሃ ከሆነ ስፌቱ ብርጭቆ ይሆናል።
ስለዚህ አስታራቂው ሀብታም መሆን አለበት፤
ተዘርፎ የሚተርፈው፣ ሰጥቶ የማይጎድልበት።
ከመቶ ሃያ ሦስት ክሮሚየም፣ ኒኬሉ አሥራ ሦስት፤
ሦስት መቶ ዘጠኝ ይሉታል በመጋዘን ቋንቋ፣
ሌላ ስም የለውም።

የቀሩት ሁለቱ እንደ መንታ ናቸው፤
ሁለቱም ያበራሉ፣ ማግኔት አይስባቸው።
የአንደኛው ወረቀት "ሦስት መቶ ስምንት" ይላል፤
እሱ ስቴንለስን ከወንድሙ ያጋጥማል፤
ለዚህ ሥራ ግን ኪሱ በጥቂቱ ይጎድላል።
የሌላውን ስም አይጥ በልቶታል።

ማኤስትሮ ኡልዳሪኮ በጣቱ ዳበሰው፤
አስጠጋው ወደ ዓይኑ፣ ሞራ ወደለበሰው።
"ዘጠኝ ነው" አለ። "እኔ ራሴ ነኝ የገዛሁት፤
በፋሲካ ሰሞን ከትሩሂዮ ያመጣሁት።"
ማኤስትሮ! እጀታውን ያስጨበጠኝ እጁ ነው፤
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቃሉ መለኪያዬ ነው።
ግን ባለፈው ሳምንት ቁልፉን በእጁ ይዞ
ቁልፉን ሲፈልግ ዋለ። ማክሰኞም ተክዞ
"ኢርማ ምሳዬን ይዛ ምነው ዛሬ ቀረች?"
አለኝ። ኢርማ እህቱ አምና ነው የሞተች።
የራሴን አቀረብኩ። ሩዙን በላና ዓሣውን ተወው።

ካፒቴኑ የእጅ ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል፤
"አዋቂው ብሏል እኮ! ከዚህ በላይ ምን ይባላል?"
ብሠራበት ማን ያውቃል? ስፌቱ ያምር ይሆናል፤
ዛሬ አይሰነጠቅም፤ ነገም ይሰነብታል፤
ከዚያ አንድ ሌሊት፣ ከባሕሩ መሀል፣
ዘጠኝ ሰው ተኝቶ...

ጓንቴን አወለቅኩ። ሞቶታክሲ ጠራሁ።
ማኤስትሮ ፊቱን አዞረ። እያየሁት ወጣሁ።
ከዶኛ ሴኖቢያ ሱቅ፣ ከገበያው ጀርባ፣
አዲስ ጥቅል ገዛሁ፤ ደሞዜ ጠብ ሳይል ገባ
ወደ መሳቢያዋ።

ስመለስ ሙላቱ አልፏል። ካፒቴኑም ሄዷል፤
ስድቡን ለበረኛው በአደራ ትቶልኛል።
አርገኑን ከፈትኩ፤ መከለያዬን ደፋሁ፤
ሲያስተምረኝ እንደኖረው፣ ቀስ ብዬ ሰፋሁ፤
እሳቱን ገታ አድርጌ፣ ተራው ብዙ እንዳይገባ፤
ስፌቱ ሲቀዘቅዝ ቀለሙ እንደ ገለባ።

ሲመሽ ነው የመጣው። በጨርቅ የጠቀለለውን
ጭኔ ላይ አኖረው፣ ለማንም የማያውሰውን፦
ያን የስቴንለስ ብሩሽ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ
ተራ ብረት ያልነካው አንዲቷ እንኳ ጠጉሩ።
"በዚህ ጥረጊው" አለ።
ቆየት ብሎ ደግሞ፣ ወደ በሩ እያየ፦
"ኢርማ ግን ዛሬም ቀረች?"

"መንገድ ላይ ናት" አልኩት፤
ስፌቱን መጥረግ ጀመርኩ።